ከመረቡ ወደ መድፉ የተጠራው ዓሣ አጥማጅ

ጦርነት ሲነሳ መንግሥት ከዜጋው የሚፈልገው ጉልበትና ዕድሜ ብቻ አይደለም፡፡ የጭነት መኪና ያለውን በመኪናው፣ መጋዘን ያለውን በመጋዘኑ፣ ጀልባ ያለውን በጀልባው ይመጣበታል፡፡ ለዚህ ዓይነቱ አወሳሰድ ሕግ አለ፡፡ ንብረቱ ይመዘገባል፣ ግምቱ ይወጣል፣ ካሣው ዘግይቶም ቢሆን ይከፈላል፡፡ ተመዝግቦና ተገምቶ የማያውቅ አንድ ነገር ግን አለ፡፡ እሱም ሰላማዊ ሰው ሰላማዊ በመሆኑ፣ መስሎም በመታየቱ የሚያገኘው ከለላ ነው፡፡ መንግሥት ይህን ከለላ ወስዶ የጦር መሣሪያ ሲያደርገው ዕዳው የሚወድቀው ማን ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ ደጋግሞ የሚያነሳብኝ የአንድ እንግሊዛዊ ዓሣ አጥማጅ ሕይወት ነው፡፡ ሙሉ ስሙ ቶማስ ክሪስፕ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ቶም ክሪስፕ ይሉታል፡፡ በ1917፣ እዚህ እኛ ዘንድ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ ስሙ በለንደን ፓርላማ ተጠርቶ የእንግሊዝ ሕዝብ ሁሉ ያወቀው ሰው ነው፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፡፡) ባሕር በር የሌለው አገር ሰው ስለ ሩቅ አገር ዓሣ አጥማጅ ምን አሳሰበው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፡፡ ጉዳዩ ግን የባሕር ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡

ክሪስፕ የተወለደው ኤፕሪል 28 ቀን 1876 ሎውስቶፍት በምትባል የወደብ ከተማ ነው፡፡ ሎውስቶፍት በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ ሰሜን ባሕር አዙራ የተቀመጠች ከተማ ናት፡፡ በዚያ ዘመን ነዋሪዋ በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ የሚኖረው በዓሣ ነበር፡፡ የሚያጠምድ አለ፣ መረብ የሚሠራ አለ፣ ጀልባ የሚጠግን አለ፣ ዓሣውን አጥቦና ጨው ነስንሶ በበርሜል የሚያሽግ አለ፡፡ የክሪስፕ ቤተሰብም ኑሮው ከጀልባና ከባሕር ጋር የተሳሰረ ነበር፡፡ ልጁ ትምህርቱን ቶሎ ትቶ ወደ ባሕር ወጣ፡፡ መጀመሪያ ሄሪንግ በሚባለው ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ሠራ፣ ቀጥሎም አትላንቲክን በሚያቋርጥ የእንፋሎት መርከብ ላይ ተቀጠረ፡፡ በ1895፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ሐሪየት አልፕ የምትባል ወጣት አገባ፡፡ ልጆችም ወለዱ፡፡

በ1902 ወደ ሎውስቶፍት ዓሣ ማጥመድ ተመለሰና ጆርጅ ቦሮው በምትባል የሸራ ጀልባ ላይ ሥራ ያዘ፡፡ ኋላም ካፒቴኗ ሆነ፡፡ እነዚህ ጀልባዎች ሞተር አልነበራቸውም፡፡ በሸራቸው ንፋስ ይዘው፣ ከባድ መረብ በባሕሩ ወለል እየጎተቱ፣ ከቤት ርቀው ለቀናት የሚቆዩ ነበሩ፡፡ ካፒቴን የሚባለውም ሰው የደንብ ልብስ የለበሰ አዛዥ ሳይሆን ከሠራተኞቹ ጋር መረብ የሚስብ፣ አብሯቸው የሚበላ አለቃ ነው፡፡ ክሪስፕ በዚህች ጀልባ ላይ ወደ 13 ዓመት ሠራ፡፡ በስሙ የተጠራው ልጁ ቶም ለሥራ ሲደርስ እሱንም ወስዶ አጠገቡ አሠራው፡፡ ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ እኔም ስሙን አልሰማም ነበር፡፡

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲጀመር ክሪስፕ 38 ዓመቱ ነበር፡፡ ለወታደርነት ዕድሜው አልፏል ተብሎ የሚታሰብ ሰው ነው፡፡ አገሩም ዓሣ ትፈልግ ነበርና ሥራውን ቀጠለ፡፡ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን ከጦርነቱ በፊት አንስቶ ዓሣ አጥማጆችን ሲያይ ቆይቷል፡፡ ከባድ መረብ የሚጎትት ጀልባ ፈንጂም ጎትቶ ሊያወጣ ይችላል የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ፣ በ1910 ዓሣ አጥማጆችን ከነጀልባዎቻቸው የሚያቅፍ ተጠባባቂ ክፍል ተቋቁሞ ነበር፡፡ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ወደ 3,000 የሚጠጉ የእንግሊዝ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች በባሕር ኃይሉ ሥር ገብተዋል፡፡ ፈንጂ የሚጠርጉ፣ ሰርጓጅ መርከብ የሚጠብቁ፣ ወሽመጥ የሚቃኙ ነበሩ፡፡ እነዚህ በግልጽ ባንዲራ የሚሠሩ ናቸውና አከራካሪ አይደሉም፡፡ ክሪስፕን የወሰደው ሌላው መንገድ ነው፡፡

በ1915 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የሎውስቶፍትን ዓሣ አጥማጆች ማደን ጀመሩ፡፡ አሠራራቸው ቀላል ነበር፡፡ ሰርጓጁ ከውኃ ይወጣል፣ ጀልባዋን ያስቆማል፣ ሠራተኞቹ ወደ ትንሿ ታንኳ እንዲወርዱ ያዛል፣ ከዚያም ቦምብ አስቀምጦ ጀልባዋን ያሰምጣል፡፡ በብዙ አጋጣሚ ሰዉ በሕይወት ይመለስ ነበር፤ መተዳደሪያው ግን ባሕር ውስጥ ቀረ፡፡ በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ጆርጅ ቦሮውም በዚሁ ዓይነት ጥቃት ሰጠመች፡፡ ክሪስፕ የ13 ዓመት የሥራ ቦታውን አጣ፡፡

የባሕር ኃይሉ መልስ ማታለያ ነበር፡፡ ከዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች መካከል ጥቂቶቹ ላይ ትንሽ መድፍ ተተከለና በመረብና በሸራ ተሸፈነ፡፡ ተኳሾቹ የዓሣ አጥማጅ ልብስ ለበሱ፡፡ ጀልባዋ እንደወትሮዋ መረብ ትጎትታለች፤ ሰርጓጁ ቦምብ ሊያስቀምጥ ሲጠጋ ሽፋኑ ይነሳና ይተኮስበታል፡፡ ኦገስት 15 ቀን 1915 ኢንቨርላየን የምትባል የዓሣ ጀልባ በዚህ ዘዴ ዩቢ-4 የተባለውን የጀርመን ሰርጓጅ ከነሠራተኞቹ አሰመጠች፡፡ ለባሕር ኃይሉ ትልቅ የምሥራች ነበር፡፡ ቀኑን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ፡፡

ክሪስፕ ጀልባውን ካጣ በኋላ የተመለመለው ለዚህ ሥራ ነው፡፡ አይል ትራይ የምትባል መድፍ የተደበቀባት ጀልባ ተሰጠችው፡፡ ልጁ ቶምም አብሮት ነበር፡፡ ባሕሩን የሚያውቅ፣ ዓሣ አጥማጅ መምሰል የማያስፈልገው፣ ራሱ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ሰው ነውና ለማታለያው ከእሱ የተሻለ አይገኝም፡፡ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1917 ቦይ አልፍሬድ ከምትባል ሌላ የታጠቀች ጀልባ ጋር ሆነው ከሁለት ሰርጓጆች ጋር ተታኮሱ፡፡ ሁለቱንም መትተናል ብለው አመኑ፤ ኋላ የተገኙት የጀርመን መዝገቦች ግን በዚያ ግጥሚያ የሰጠመ ሰርጓጅ አያሳዩም፡፡ ያም ሆኖ ክሪስፕ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለመ፡፡ ጀልባዎቹ እንዳይታወቁም ስማቸው ተቀየረ፡፡ የክሪስፕ ጀልባ ኔልሰን፣ ቦይ አልፍሬድ ደግሞ ኤቴል ኤንድ ሚሊ ተባሉ፡፡

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ወደ ሕጉ ልግባ፡፡

በሕግ ተማሪነቴ ካነበብኳቸው ፍርዶች ከአእምሮዬ ካልጠፉት አንዱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 8 ቀን 1900 የሰጠው የፓኬቴ ሐባና ፍርድ ነው፡፡ በ1898 አሜሪካና ስፔን ሲዋጉ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፓኬቴ ሐባናና ሎላ የሚባሉ ሁለት የኩባ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎችን ማረከ፡፡ ፓኬቴ ሐባና ሦስት ሰው የጫነች ትንሽ የሸራ ጀልባ ነበረች፡፡ ዕቃዋ ዓሣ፣ መሣሪያዋ መረብ ነው፡፡ ዳኛ ሆራስ ግሬይ በጻፉት ፍርድ ከ1403 ጀምሮ የነበረውን የነገሥታትና የመንግሥታት ልማድ ዘርዝረው፣ በባሕር ዳርቻ የሚያጠምድ ድሃ ጀልባ በጦርነት አይማረክም የሚለው ልማድ ሕግ ሆኗል ሲሉ ወሰኑ፡፡ ልብ በሉ፣ ይህን ያሸነፉት መድፍ ያላቸው ሰዎች አይደሉም፡፡ ጥበቃውን ያስገኘላቸው መድፍ የሌላቸው መሆኑ ነው፡፡

በ1907 በሔግ የተፈረመው 11ኛው ስምምነት ይህንኑ ልማድ ጻፈው፡፡ አንቀጽ 3 ሦስት ነገሮችን ይላል፡፡ አንደኛ፣ በባሕር ዳርቻ ዓሣ ለማጥመድ ብቻ የሚያገለግሉ ጀልባዎች አይማረኩም፡፡ ሁለተኛ፣ በውጊያ በማናቸውም መንገድ ከተሳተፉ ጥበቃቸው ይቀራል፡፡ ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ፣ መንግሥታት የእነዚህን ጀልባዎች ሰላማዊ ገጽታ እንዳለ ጠብቀው ለወታደራዊ ዓላማ ላለመጠቀም ቃል ይገባሉ፡፡ በዚያው ዓመት የተፈረመው 7ኛው ስምምነት ደግሞ የንግድ መርከብ የጦር መርከብ ሊሆን የሚችልበትን መንገድ ይዘረዝራል፡፡ አዛዡ በመንግሥት የተሾመ፣ ሠራተኛው በወታደራዊ ሥርዓት ሥር ያለ፣ መርከቡ የጦር መርከብ መሆኑን የሚያሳይ ውጫዊ ምልክት ያለው መሆን አለበት፡፡

እንግዲህ የክሪስፕን ጀልባ በዚህ መስፈርት እንመዝናት፡፡ ክሪስፕ የባሕር ኃይሉ ተጠባባቂ ክፍል አባል ነበር፤ ሠራተኞቹም በወታደራዊ ሥርዓት ሥር ነበሩ፡፡ ውጫዊ ምልክቱ ግን እንዲጠፋ ሆን ተብሎ ተሠርቷል፡፡ ጠበቃ ሆኜ ለእንግሊዝ መንግሥት ብቆም የምለው አላጣም፡፡ ኔልሰን የምትሠራው ከዳርቻ ርቃ ነውና የባሕር ዳርቻ አጥማጅ አትባልም፡፡ ስምምነቶቹ ተፋላሚዎቹ ሁሉ ካልተቀበሏቸው በቀር አይጸኑም የሚል አንቀጽ ነበራቸው፤ ሁሉም ደግሞ አልተቀበሏቸውም፡፡ ከመተኮስ በፊት የራስን ባንዲራ እስከሰቀሉ ድረስ በሐሰተኛ መልክ መቅረብ በባሕር ጦርነት የተለመደ ነው፡፡ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያልታጠቁትን ዓሣ አጥማጆች ቀድሞ የነካው ጀርመን ነው፡፡ እነዚህ ሁሉ ፍርድ ቤት ፊት የሚያስኬዱ ክርክሮች ናቸው፡፡ ሆኖም ክርክር መርታት አንድ ነገር ነው፤ ባሕር ላይ የሚሆነው ሌላ ነው፡፡

ባሕር ላይ የሆነው ይህ ነው፡፡ ከኢንቨርላየን በኋላ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሁሉ ለሰርጓጅ አዛዥ ተጠርጣሪ ሆነ፡፡ የታጠቀውን ካልታጠቀው መለየት አይችልምና መጠጋት አደጋ ነው፡፡ መፍትሔው ከሩቅ መምታት ነው፡፡ ቀድሞ ሠራተኛው በታንኳ እንዲወርድ ፋታ ይሰጥ የነበረው ሁሉ እንደዚያ ለማድረግ ምክንያት አጣ፡፡ ማታለያው በሠራ ቁጥር ቀጣዩ ጀልባ ላይ የሚወርደው እሳት ይብሳል፡፡

ኦገስት 15 ቀን 1917፣ ኢንቨርላየን ዩቢ-4ን ባሰመጠች ልክ በሁለተኛ ዓመቷ፣ ኔልሰንና ኤቴል ኤንድ ሚሊ በሰሜን ባሕር ጂም ሃው በሚባለው የዓሣ ማጥመጃ ቦታ አካባቢ ነበሩ፡፡ ከሰዓት በኋላ ነው፡፡ ክሪስፕ በሩቅ ሰርጓጅ መርከብ አየና ሠራተኞቹን ለውጊያ ጠራ፡፡ ተመራማሪዎች ይህ ሰርጓጅ ዩሲ-63 እንደነበር ይናገራሉ፡፡ ሰርጓጁ አልተጠጋም፡፡ ከሩቅ ሆኖ መተኮስ ጀመረ፡፡ የኔልሰን ትንሽ መድፍ መልስ ብትሰጥም ጥይቷ አልደረሰም፡፡ አራተኛው የጠላት ጥይት የጀልባዋን አፍንጫ ከውኃው መስመር በታች በሳው፡፡ ሰባተኛው ክሪስፕን መታው፡፡ ሆዱን ቀድዶ፣ ወለሉን ሰንጥቆ፣ በጀልባዋ ጎን ወጣ፡፡

ክሪስፕ ግን ኅሊናውን አልሳተም፡፡ የመጀመሪያ ሐሳቡ መልእክት መላክ ነበር፡፡ ሬዲዮ የላቸውም፤ ያላቸው እርግብ ነው፡፡ መጠቃታቸውንና ያሉበትን ቦታ የሚገልጽ ጽሑፍ በእርግብ እግር ላይ ታስሮ ተለቀቀ፡፡ ከዚያም ወለሉ ላይ እንደተጋደመ ጀልባዋን ማዘዙን ቀጠለ፡፡ ጥይት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀርና ጀልባዋ መስጠም ስትጀምር ልጁ ቶም መሪውን ይዞ ነበር፡፡ አባት ጀልባዋን ለቅቀው እንዲወርዱና የምሥጢር ሰነዶቹ ወደ ባሕር እንዲጣሉ አዘዘ፡፡ እሱን ወደ ታንኳዋ ሊያወርዱት ሲሉ እንቢ አለ፡፡ እኔ አብቅቶልኛል፣ እናንተን አላዘገይም፣ ወደ ባሕር ጣሉኝ ብሎ ለመነ፡፡ ይህን ሊያደርጉ አልቻሉም፡፡ ባለበት ትተውት ወረዱ፡፡ ጥቂት ቆይቶ ኔልሰን ከካፒቴኗ ጋር ሰጠመች፡፡ ልጅ አባቱን የተሰናበተው እንዲህ ነው፡፡

የኔልሰን ሠራተኞች በታንኳ ሁለት ሌሊት በባሕር ላይ አድረው ተገኙ፡፡ የሚታወቀውና የሚከበረው የታሪኩ ክፍል ይህ ነው፡፡

ብዙ የማይነገረው የሁለተኛዋ ጀልባ ነገር ነው፡፡ ሰርጓጁ ከኔልሰን በኋላ ወደ ኤቴል ኤንድ ሚሊ ዞረ፡፡ ካፒቴኗ ቻርልስ ማኒንግ ይባላል፡፡ ጀልባዋ ከተመታች በኋላ ማኒንግና ሠራተኞቹ በታንኳ ወርደው ወደ ሰርጓጁ ተወሰዱ፡፡ የኔልሰን ሰዎች ከሩቅ ሆነው ሲያዩ የማኒንግ ሰዎች በሰርጓጁ ወለል ላይ ተሰልፈው ቆመው ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም፡፡ ከምርኮኞች ካምፕ የመጣ ደብዳቤም አልነበረም፡፡ ዩሲ-63 ራሱ ኖቬምበር 1 ቀን 1917 በእንግሊዝ ሰርጓጅ ተመትቶ ሰጠመ፡፡ ሊጠየቅ የሚችለው ሁሉ አብሮ ወረደ ማለት ይቻላል፡፡

እጁን የሰጠን ሰው መግደል በዚያ ዘመን ሕግም ወንጀል ነው፡፡ ማኒንግን የማረከው ሰው ምንም ማታለያ ተሠርቶብኛል ቢል ይህ አያነጻውም፡፡ በዚህ ላይ ለክርክር የምተወው ቦታ የለኝም፡፡ ነገር ግን መንግሥታቸውስ ወደዚያ ሲልካቸው ምን እንደሚጠብቃቸው አላወቀም ነበር? ከአንድ ዓመት በፊት፣ ጁላይ 27 ቀን 1916፣ ጀርመኖች ቻርልስ ፍራያት የተባለውን የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ካፒቴን በብሩዥ ለጦር ፍርድ ቤት አቅርበው ረሽነውት ነበር፡፡ ጥፋቱ በ1915 ሊያጠቃው በመጣ ሰርጓጅ ላይ መርከቡን አዙሮ ሊገጨው መሞከሩ ነው፡፡ የጀርመን ክርክር ፍራያት ወታደር ሳይሆን እንደ ወታደር ተዋጋ የሚል ነበር፡፡ እንግሊዝ ይህን ግድያ አውግዛለች፤ ማውገዟም ትክክል ነበር፡፡ ግን ከዚህ በኋላ የዓሣ አጥማጅ ልብስ ያስለበሰቻቸውን ተዋጊዎች ጠላት ቢማርካቸው ምን ሊላቸው እንደሚችል ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፡፡

ኦክቶበር 29 ቀን 1917 ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ በፓርላማ ለጦር ሠራዊቱ ምስጋና ሲያቀርቡ የክሪስፕን ታሪክ ተናገሩ፡፡ ኖቬምበር 2 የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን የሆነው ቪክቶሪያ ክሮስ እንደተሰጠው ታወጀ፡፡ ሰርጓጁ በሰጠመ ማግስት መሆኑ ነው፡፡ ዲሴምበር 19 ልጁ ቶም ቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት ቀርቦ ኒሻኑን ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ እጅ ተቀበለ፡፡ ለራሱም ሜዳሊያ ተሸልሟል፡፡ ዛሬ በሎውስቶፍት በክሪስፕ ስም የተሰየመ መንገድ አለ፡፡ መቃብር የለውም፡፡

ክሪስፕ ኒሻኑ ይገባዋል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው፡፡ ይገባዋል፡፡ መተዳደሪያውን ያጠፉበትን ሊዋጋ የወጣ፣ ሲሞትም ስለ ሰዎቹ ያሰበ ሰው ነው፡፡ የእኔ ጥያቄ ለእሱ አይደለም፡፡ ጥያቄዬ እሱን ለላከው መንግሥት ነው፡፡ መንግሥት ከክሪስፕ የወሰደው በፈቃዱ ነው እንበል፡፡ የሰላማዊ ዓሣ አጥማጅን መልክ ሲበደር ግን የተበደረው ከእሱ ብቻ አይደለም፡፡ በዚያ ባሕር ላይ ከሚያጠምድ ሁሉ ነው፤ መድፍ ከሌለውም፣ ስለ መድፉ ከማያውቀውም፣ ልስጥ አልስጥ ተብሎ ካልተጠየቀውም፡፡ ያ መልክ የጋራ ንብረታቸው ነበር፡፡ ኒሻን ለአንድ ሰው ይሰጣል፡፡ የከለላው መጥፋት ግን ለሁሉም ይከፋፈላል፡፡

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ፡፡ በ1994 የተዘጋጀው የሳን ሬሞ የባሕር ጦርነት መመሪያም ለትናንሽ የባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ጥበቃ ይሰጣል፡፡ በሌላ በኩል ቻይና በደቡብ ቻይና ባሕር የምታሰማራው፣ የዓሣ ጀልባዎችን የሚያካትት የባሕር ሚሊሽያ ለዓመታት ሲያወዛግብ ቆይቷል፡፡ በየብስም ቢሆን ነገሩ አንድ ነው፡፡ በአምቡላንስ ጥይት የሚጭን፣ በእርዳታ መኪና ታጣቂ የሚያመላልስ፣ በትምህርት ቤት መትረየስ የሚያጠምድ ወገን ለዛሬ ጥቅም ያገኝ ይሆናል፡፡ ነገ በእውነተኛው አምቡላንስ ውስጥ ለሚተኛው ቁስለኛ ግን መንገዱን ዘግቶበታል፡፡ ጠላት ሕግ ጥሷልና እኔም እጥሳለሁ የሚለው ምክንያት ተከራካሪውን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ቁስለኛውን ግን አያድነውም፡፡

ስለዚህ እንደ ሕግ ሰው የምለው ይህን ነው፡፡ መንግሥት ዜጋውን ለውጊያ ከፈለገው በግልጽ ይጥራው፣ ምልክት ያድርግለት፣ ባንዲራውን ይስቀልለት፡፡ ቢማረክም የምርኮኛ መብት ያግኝ፡፡ ፈንጂ እየጠረጉ ያለቁት በርካታ የዓሣ ጀልባዎች በዚህ መልክ ተሠማርተው አገራቸውን አገልግለዋል፡፡ ያን ካልፈለገ ደግሞ ዓሣ አጥማጁን ከነመረቡ ይተወው፡፡ የሁለቱን ጥቅም በአንድ ጀልባ ላይ መጫን አይቻልም፡፡ ሎውስቶፍት ክሪስፕን ስታስታውስ ስሙን በመንገድ ላይ ጽፋለች፤ ደግ አደረገች፡፡ እኔ ግን የእሱን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር በሰርጓጁ ወለል ላይ ተሰልፈው የቀሩት የማኒንግ ሰዎች አብረው እንዲነሱ እፈልጋለሁ፡፡ ዕዳው ምን ያህል እንደነበር የሚያሳዩት እነሱ ናቸውና፡፡